ሹመት፣ ፍቅርና አደራ፦ የለንደኑ ጸሐፊና የእኛው ጸሐፊ

ከቫን ናይስ፣ ካሊፎርኒያ

በቋንቋችን «ጸሐፊ» የሚለው ቃል ሁለት ሰው ይጠራል፤ በቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚገለብጠውንና መጽሐፍ የሚደርሰውን። እንግሊዛዊው አንተኒ ትሮሎፕ ሁለቱንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1834፣ በ19 ዓመቱ በለንደን ፖስታ ቤት ተቀጠረ፤ በ1867 በፈቃዱ እስኪለቅም ድረስ በፖስታ ቤቱ አገለገለ። በ1857 መጨረሻ የወጣው «ሦስቱ ጸሐፊዎች» የተባለው ልብ ወለዱ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው አይደለም። ነገር ግን ስለ አገራችን ቢሮና ሹመት የምንከራከር ሰዎች ልናነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ።

ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው። ሄንሪ ኖርማን፣ አላሪክ ቱዶርና ቻርሊ ቱዶር የሚባሉ ሦስት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሦስት ልጃገረዶች ወዳሉበት የአንዲት እናት ቤት ይመላለሳሉ። ጎበዙ አላሪክ በውድድር ፈተና ከፍ ያለውን ቦታ ያገኛል፤ ኖርማን የሚወዳትን ገርትሩድንም ያገባል። ቻርሊ ደግሞ በአነስተኛ ደመወዝ፣ በአራጣ አበዳሪና በመጠጥ ቤት መካከል ይንገላታል። በመጨረሻ የሚወድቀው ግን ሰካራሙ ሳይሆን ፈተናውን ያለፈው ነው። አላሪክ አንድ የምክር ቤት ሰው አግባብቶት የማዕድን አክሲዮን ንግድ ውስጥ ይገባል፤ በአደራ የተሰጠውን የአንዲት ወጣት ገንዘብ ያጠፋል፤ ይታሰራል፤ ከእስር ሲወጣም ሚስቱን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ይሰደዳል። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው «አደራ በላ» እንለዋለን።

መጽሐፉ የተጻፈው የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ በዝምድና መሆኑ ቀርቶ በፈተና ይሁን የሚለው የ1854 የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ዘገባ ባከራከረበት ወቅት ነው። ትሮሎፕ ፈተናውን ተቃወመ፤ ትሬቬልያንንም በልብ ወለዱ አላገጠበት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ትሮሎፕ ራሱ ፖስታ ቤት የገባው በእናቱ ወዳጆች በኩል ነበር። በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ ከጋዜጣ ጥቂት መስመር ገልብጥ ተብሎ ወረቀቱን በቀለም አበላሸው፤ ሆኖም ተቀጠረ። በአማላጅ የገባ ሰው በፈተና ላይ ቢነሳ፣ ለራሱ ይሟገታል ብንለው አይፈረድብንም።

ሆኖም ክርክሩ ሁሉ ባዶ አይደለም። ፈተና ዕውቀትን ይመዝናል፤ አደራ መጠበቅን ግን አይመዝንም። አላሪክ በችሎታው መሾሙ እውነት ነው፤ መብላቱም እውነት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን በደጅ ጥናት የተሾመውን ብቻ የሚመለከት የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ዝምድናና ጎሠኝነት ከቢሮ ቢወጡ ነገር ሁሉ ይቃናል ብለን የምንሰብክ ምሁራን፣ ከፈተናው ማግስት ማን ይቆጣጠራል የሚለውንም ጥያቄ ማንሳት አለብን።

የመጽሐፉ ድካም በፍቅሩ በኩል ነው። ሦስቱ እህትማማቾች አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጠው የወንዶቹን ዕድገት ይጠብቃሉ፤ እንደ ሽልማት ይታደላሉ። ከሁሉ የምትሻለው ገርትሩድ ናት። ባሏን ለምኞቱ ወደደችው፤ በውርደቱ ቀን ግን ጥላው አልሄደችም፤ የስደቱን ሸክም ተሸከመች። በቫን ናይስም ሆነ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባሏ በአገር ቤት የነበረውን ማዕረግ አጥቶ ሲተክዝ ቤቱን ያቆመች ስንት ሴት አለች? ለእነዚህ የተጻፈው ልብ ወለድ እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንመለስ። በአገራችን የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የቢሮ ወጣት በእኛ ልብ ወለድ የለም። ወንድሙን የምናገኘው በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ነው። አበራ ወርቁ በመሥሪያ ቤት ሥራውና በሥዕል ምኞቱ መካከል የተወጠረ ወጣት ነው፤ ወንድሙ አቶ አባተ በትዳር እንዲረጋ ይፈልጋል፤ እሱ ሉሊትን ይወዳል። ለአላሪክ ቢሮ መሰላል ነው፤ ለአበራ ግን ቢሮ የነፍስ እስር ቤት ነው። ትሮሎፕ ማለዳ ተነስቶ ጽፎ፣ ከዚያ ሥራው የሚሄድ ሰው ስለነበረ የአበራ ጭንቀት ምናልባት ባልገባው ነበር።

ግን ስንፍና ነው ብለን አበራን ከመውቀሳችን በፊት የሁለቱን ደራሲዎች ዕጣ እንመልከት። ትሮሎፕ የበላዮቹን በመጽሐፍ ቀልዶባቸው በሥራው ላይ ቆየ። በዓሉ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራውም ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ።

እንግዲህ ልዩነቱ በፈተናው ወይም በወጣቱ ምኞት ብቻ አይደለም። አንዱ አገር አደራ የበላውን ሹም በሕግ አስሮ፣ እውነት የጻፈውን ሠራተኛ በወንበሩ ተወው። ሌላው አገር እውነት የጻፈውን አጠፋ። ለልጆቻችን የምንመኝላቸው ቢሮ የትኛው እንደሆነ ከወዲሁ ብንነጋገር መልካም ነው።

ልቦናውን ይስጠን።