እንደ ጤፍ ማሳ

አባቴ ጤፍ ሊዘራ ሲል፣ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ካረሰ በኋላ ያን ሁሉ ልፋት መልሶ የሚያፈርስ የሚመስል ሥራ ይሠራ ነበር። የቤቱንም የጎረቤቱንም ከብት ሰብስቦ ማሳው ላይ ይነዳዋል። በሬው፣ ላሙ፣ አህያው፣ በጉ እየተጋፋ የለሰለሰውን አፈር ይረግጠዋል፤ እኛ ልጆች ጅራፍ ይዘን ከኋላ እንዞራለን። ጤፉ የሚበተነው መሬቱ ተጠቅጥቆ ልክ እንደ አውድማ ሲሆን ነው። ለምን እንደሚረገጥ ብጠይቀው፣ «የጤፍ ፍሬ ትንሽ ናት፤ ጓል ውስጥ ከገባች ጠፋች ማለት ነው። መሬቱ ሊይዛት ይገባል» አለኝ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ የሰማሁት ይህ ነገር አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ እንጀራዬ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሥራዬ አትክልተኝነት ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የሰው ግቢ ሣር ሳጭድ፣ አጥር ስከረክም ቆይቼ፣ ካለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ወዲህ አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው ሞስ በመትከልና በመንከባከብ ነው። በእኛ አገር ሰው አንደበት ይህ ተክል የድንጋይ ሽበት ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። ግን በዚያው ስም ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ግራጫ ቅርፊት መሳይ ነገርም እንጠራበታለን፤ እርሱ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ሌላ ፍጥረት ነው። ስለዚህ እዚህ እንደለመድኩት ሞስ እያልኩ ልቀጥል።

በዓለም ላይ ወደ 12,000 የሚጠጋ የሞስ ዝርያ አለ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የያዝኩት አንዱን ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፖሊትሪኩም ጁኒፔሪኑም ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ባለብዙ ፀጉር፣ ሁለተኛው ጥድ መሳይ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው በደንብ አይቶታል። ጣት የማያህል ቁመት ያላት አንዷ ዘንግ ለብቻዋ ስትነቀል፣ ቅጠሎቿ እንደ መርፌ ሹል፣ ጫፋቸው ቀላ ያለ፣ ዙሪያዋን የተሰኩ ናቸው። አንድ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሞስ ላይ በደረት ተኝቶ ላየው ሰው የጥድ ደን ከተራራ አናት ቁልቁል እንደማየት ነው። በልጅነቴ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር የማውቀውን ጥድ የማገኘው እዚህ ነው፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይርቅ።

ሲያትል ለሞስ የተመቸች ከተማ ናት። ሰው ሁሉ የምትታወቀው በዝናብ ብዛት ነው ይላል፤ በዓመት የምታገኘው ግን 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ አብዛኛውን በክረምቱ ወራት በዶፍ ትቀበላለች። እዚህ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በካፊያ ቀስ እያለ፣ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሳምንቱን ሙሉ ይወርዳል። ሞስ ካፊያ ይወዳል።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ከሽፎብኛል። ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ከቤታቸው ጀርባ ወደ 40 ካሬ ሜትር ቦታ ሞስ እንዳለብስላቸው ቀጠሩኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አፈር ማዘጋጀት አውቃለሁ ብዬ በጥልቀት ቆፈርኩት፤ ብስባሽ ደባለቅሁበት፤ እጅ እስኪያሰጥም ድረስ አለሰለስኩት። ሞሱን ባለቤቱ ፈቅዶልኝ ቤት ሊሠራበት ከነበረ ባዶ ቦታ አንስቼ ላዩ ላይ አነጠፍኩ። ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ ጠርዙ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ላይ እንደ ዋለ እንጀራ ተጠቀለለ። ብስባሹ ደግሞ ሥራውን ሠርቷል፤ በሞሱ መካከል ሣርና አረም ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ክንድ ስፋት ያለው ለምለም መስመር ነበር፤ ከበሩ እስከ ግቢው ጥግ ተዘርግቷል። ጎንበስ ብዬ ሳየው የእጅ ጋሪዬን እየገፋሁ የተመላለስኩበት መንገድ ነው። በእግሬና በጋሪው ጎማ የረገጥኩት ቦታ ተርፎ፣ እንዳይነካ የተጠነቀቅኩለት ሁሉ ደርቋል። በዚያው ሳምንት እሑድ ለአባቴ ስልክ ደውዬ ሥራው እንደተበላሸብኝ ነገርኩት። ሞስ ምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት ቸግሮኝ፣ ትንሽ ተክል ነው፣ ሥር የለውም፣ አፈሩን ብዙ አለስልሼለት ነበር አልኩት።

«ታዲያ ሳትረግጠው ነው የዘራኸው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም። ከግርጌው ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች ዋና ሥራቸው መሬቱን መያዝ ነው። ሌላው ተክል ውሃውን ከጥልቅ ይስባል፤ አብዛኛው ሞስ ግን በቅጠሉ ነው የሚጠጣው። ጥድ መሳዩ ሞስ በግንዱ ውስጥ ውሃ ወደ ላይ የሚያሳልፍበት ቀጭን መንገድ ስላለው ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ያም ቢሆን የሚሠራው ከታች ያለው እርጥብ መሬት ከነካው ነው። ከሥሩ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ፣ አየሩ ያደርቀዋል። የለሰለሰ አፈር ደግሞ ዝናብ ሲመታው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሞሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ አልቆፍርም። ጥቅምት ላይ ካፊያው ሲጀምር፣ አረሙን ነቅዬ፣ የመሬቱን ፊት ሬክ በሚባለው ጥርሳም መሣሪያ ጫር ጫር አድርጌ፣ ውሃ አርከፍክፌ እረግጠዋለሁ። ወፍራም ጣውላ አጋድሜ ከጫፍ ጫፍ እየተራመድኩ፣ ጣውላውን እያዛወርኩ፣ የጫማ ተረከዝ እስከማያሰምጥ ድረስ። ከዚያ ሞሱን ከሥሩ ካለው የሁለት ጣት ውፍረት አፈር ጋር አንስቼ፣ እንደ ጉርሻ እየቆረስኩ፣ በመሐል አንድ እጅ ያህል ክፍተት እየተውኩ አስቀምጣለሁ። ከዚያም እንደገና እረግጣለሁ። የሚቀጥሩኝ ሰዎች በመስኮት ሲያዩኝ አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ዝናብ በጠፋ ቁጥር ጠዋትና ማታ ውሃ እረጫለሁ፤ በየሳምንቱም እየሄድኩ እጫነዋለሁ። ክፍተቱ ተገጣጥሞ ምንጣፍ እስኪሆን ሁለት ዓመት ይፈጃል። ከዚህ ባነሰ ጊዜ አደርሳለሁ ብዬ ለማንም ቃል አልገባም።

ስለ አሬራ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሞሱን ከአሬራ ጋር ፈጭተህ ድንጋይ ላይ ቀባው የሚል ምክር እዚህ አገር አትክልተኛው ሁሉ ይደጋግመዋል። እናቴ ቅል ስትንጥ አጠገቧ ላደግሁት ለእኔ ደስ የሚል ወሬ ነበርና ሞከርኩት። በሁለተኛው ሳምንት ያተረፍኩት ግራጫ ሻጋታ ነው፤ ጠረኑም ጎረቤት ደረሰ። ሞስ ምግብ አይፈልግም፤ አሬራው የሚመግበው ሻጋታውን ነው። ይልቅ የደረቀውን ሞስ በመዳፍ አሽቶ፣ በተረገጠው እርጥብ መሬት ላይ እንደ ጤፍ መበተን ይሻላል። ከቅጠል ወይም ከግንድ የተቆረሰች ቅንጣት ራሷን ችላ አዲስ ተክል መሆን ትችላለች። የአባቴን የአበታተን ስልት ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ምድር የተጠቀምኩት ያን ጊዜ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ።

ማዳበሪያ አላስነካውም። ኖራም ጠላቱ ነው፤ በእኛ አገር አሲዳማ የሆነውን መሬት ገበሬው በኖራ ያክማል፤ ይህ ሞስ ግን ያንኑ የተራቆተ አሲዳማ መሬት ነው የሚፈልገው። ከጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃም አላጠጣም፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ ሞስን ይገድላል። አንድ በጋ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ነው ብዬ ከእንዲህ ያለ ጣሪያ ያጠራቀምኩትን በርሜል አጠጥቼ ሰፋ ያለ ቦታ አቃጥያለሁ።

አረም የሚነቀለው ገና ሁለት ቅጠል እያለ ነው። ሲነቀልም በግራ እጅ ሁለት ጣት ሞሱን ወደ መሬት ተጭኖ፣ በቀኝ እጅ አረሙን በሁለቱ ጣቶች መካከል መሳብ ነው። ሳይጫኑ የሳቡት እንደሆነ ሞሱ አብሮ ይነሣል። በመኸር የሜፕል ዛፍ ቅጠል ሲረግፍ በለስላሳ መጥረጊያ በየሁለት ቀኑ እጠርገዋለሁ፤ አልብሶ ካደረ ያፍነዋል። ወፎችም ትል ፍለጋ ይገለብጡታል፤ የተገለበጠውን መልሶ መርገጥ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት የራሴን ግቢ ሊያዩ መጡ። ነሐሴ እዚህ ደረቅ ነው፤ ከአንድ ወር በላይ ጠብታ አልወረደም። ሞሱ ቡናማና ቀይ ሆኖ ተኮማትሯል።

«ልጄ፣ ይኼማ ደርቋል እኮ። ያን ያህል ደክመህበት!» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

በእጃቸው የያዙትን ስኒ ተቀብዬ፣ ውሃ ሞልቼ፣ በአንዱ ጥግ ላይ አፈሰስኩት፤ አጉሊ መነጽሬንም ሰጠኋቸው። ተንበረከኩ። ይህ ሞስ ሲደርቅ ቅጠሎቹን ወደ ግንዱ ይሰበስባል፤ የእያንዳንዱ ቅጠል ጠርዝም ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ አረንጓዴውን ክፍል ጋቢ እንደተከናነበ ሰው ይሸፍነዋል። ውሃ ሲነካው ይከፈታል። እማማ ሲመለከቱ አንዱ ዘንግ ቅጠሉን ዘረጋ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው፤ ከዚያ ሌላው። ደቂቃ ሳይሞላ ስኒዋ የፈሰሰችበት ቦታ በሙሉ አረንጓዴ ኮከብ ሆነ። ዙሪያው እንደነበረው ቡናማ ነው።

«ድርቆሽ!» አሉ። «ድርቆሽ ነው እኮ!»

ስንት መጽሐፍ አንብቤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁም። ሞቶ አይደለም፤ ጠቅልሎ አስቀምጦታል፤ ውሃውን ይጠብቃል። በደረቅ ወራት ሰዎች ደውለው ሞሳችን ሞተብን ሲሉኝ የውሃ ጎማ ይዘው እንዳይሯሯጡ እለምናቸዋለሁ። መሬት የያዘ ሞስ ይተኛ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያረጠቡ መልሶ ማድረቅ ነው የሚያደክመው።

ይህን ተክል መጠቀም እኔ የጀመርኩት አይደለም። የተክል ተመራማሪው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1732 በሰሜን አውሮፓ፣ በላፕላንድ ሲጓዝ፣ የአገሬው ሰዎች የዚሁ ሞስ ትልቁን ወንድም እንደ ፍራሽ ቆርጠው ሲተኙበት አይቶ ጽፏል። በጃፓን ኪዮቶ፣ በሳይሆጂ ቤተ መቅደስ 120 ያህል የሞስ ዝርያ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን ቦታ በዓይኔ አላየሁትም፤ ለማየት እያጠራቀምኩ ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ግን የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከጫካ ዛፎች ላይ ሞስ እየተገፈፈ ለአበባ ነጋዴዎች ይሸጣል። ናሊኒ ናድካርኒ የተባለች የዛፍ አናት ተመራማሪ የተገፈፈ ቅርንጫፍ ሞሱን መልሶ ለማልበስ አሥርት ዓመታት እንደሚፈጅበት አሳይታለች። እርሷ እዚያ ላይ አላቆመችም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሴዳር ክሪክ ወደሚባለው ማረሚያ ቤት ሄዳ፣ ሞስ ከጫካ ሳይነቀል እንዴት ሊለማ እንደሚችል ከታራሚዎች ጋር መሞከር ጀመረች። ይህን ሳነብ ሥራዬ ስም ያገኘ መሰለኝ። እኔም ከጫካ አልነቅልም፤ የማነሣው ሊታረስ ወይም ሊገነባበት ከተቆረጠ መሬት፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው። ከዚያ የራሴን ማሳ አባዛለሁ። ጓሮዬ ውስጥ አሁን ስድስት መደብ አለኝ።

ያ የከሸፈብኝ የአረጋውያኑ ግቢም ዛሬ ምንጣፍ ሆኗል፤ በተከታዩ ዓመት በነጻ ሠራሁላቸው፣ እየረገጥኩ።

እናንተም በግንብ ሥር ወይም በድንጋይ አጥር ላይ ደርቆ የተኮማተረ ሞስ ስታዩ፣ ፍቃችሁ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ስኒ ውሃ አፍስሱበትና ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት።