ጥለቱን ገልብጠው ይዩት

የሐበሻ ልብስ ዲዛይነር የሆነች ወጣት መድረክ ላይ መካሪዋን ስታመሰግን አዳራሹ ያጨበጭባል። ምክሩ ደህና እንደነበረ ማወቅ የፈለገ ግን ንግግሩን ትቶ ቀሚሱን ቢመረምር ይሻለዋል።

መጀመሪያ ጥለቱን ይገልብጡት። ፊቱ ሁልጊዜ ያምራል፤ ሥራው የሚታወቀው በጀርባው ነው። ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ተንዘላዝሎ የሚያልፍና ጣት የሚይዝ ከሆነ፣ ሸማኔው ተጣድፏል፤ ያሠራችውም ወይ አላየችም ወይ አይታ አልፋለች። ቀጥለው ሸማውን ወደ ብርሃን ያንሱት። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ስለሆነ እኩል ነው። ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ እዚህም እዚያም ወፈር ቀጠን ማለቱ ነውር የለውም፤ እኔ እንዲያውም ለእሱ ስል ነው የምገዛው። ነውሩ አንዱ ጋ ጥቅጥቅ ብሎ ሌላው ጋ ሲሳሳ ነው። ነጠላ ከሆነ ሁለቱ ቁራጭ የተጋጠመበትን ይዩ፤ ጥለቱ እዚያ ላይ ከተዛነፈ የለካ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ባለቀለሙን ክር ፈተግ ያድርጉት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ክሩ ይለቃል።

ይህን ሁሉ ዓይን ያለው ገዢም ያየዋል። መካሪ ከዚህ አልፎ የዲዛይነሯን የሂሳብ ደብተር ማየት አለበት።

ለምሳሌ ቡራዩን እንውሰድ፤ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች የሚኖሩባት ቦታ ናት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተፈናቅለው ነበር። ሥራውን እንደገና ከባዶ ለጀመረ ሸማኔ ክር መግዣ ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የወጣት ዲዛይነር ደብተር ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ቀብዱን ነው፤ ከዚያ የፈታይዋን ዋጋ፣ ከዚያ የታክሲውን። የራሷ ትርፍ ብቻ አምሮ ከተጻፈ መካሪዋ የነገራት ስለ ገበያ ብቻ ነው። ቤተልሔም ጥላሁንም ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት የተነሳችው ከዘነበወርቅ ጎረቤቶቿ የእጅ ሙያ ነበር። የሰው እጅ ይዞ የሚነሳ ንግድ የዚያን እጅ ዋጋ በግልጽ ማሳየት አለበት።

እኔ የማማክራት ልጅ የምታሠራው ቡራዩ ነው። ታታሪ ናት፤ ጥያቄዋም አያልቅም፣ አንዳንዴ ያደክመኛል። አንድ ጊዜ አብረን ሄደን ክንድ የሚያህል ጥለት ተሠርቶ ቆየን። ገለበጠችው፤ ጀርባው አልጠራም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ይፈታ» አለቻቸው ሸማኔውን።

«ማን ሊያየው ነው ልጄ?»

«እትዬ ያዩታል» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ቀጥላ ግን፣ «የመፍቻውን ቀን እኔ እከፍላለሁ» አለች።

ሽማግሌው አጉረመረሙ፤ ከዚያ መፍታት ጀመሩ። ጀርባውን ማየት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለሚፈታ ሥራ መክፈልን ግን ከእኔ አልሰማችም፤ ከራሷ ያወጣችው ነው። ደብተሯ ላይ «መፍቻ» የሚል ዓምድ አለ። ሰበታና ሱሉልታ ለማማክራቸው ሌሎች ልጆችም አሁን ይህንኑ ዓምድ አስጨምራለሁ፤ ከማን እንደተማርኩትም እነግራቸዋለሁ።