ጥያቄውን እናንተ አምጡ

ከመጽሐፉ ጥያቄ እየቀዳሁ አሳይመንት መስጠት ያቆምኩት፣ ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይዞ የመጣ ዕለት ነው። ሶሉሽን ማንዋሉ ላይ አንዲት ቁጥር ተዛንፋ ነበር፤ ሁሉም እንደተዛነፈች ገልብጠዋታል። ልቆጣ አልኩና ተውኩት፤ እኔስ ከዚያው መጽሐፍ አይደል የቀዳሁት? «በሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄውን እናንተ አምጡ» አልኳቸው። «እዚሁ አሶሳ ካያችሁት ነገር ይሁን። መልሱንም ሠርታችሁ።»

መጀመሪያ የመጡት የመጽሐፉ የአክስት ልጆች ነበሩ፤ 3 ሜትር የነበረው ብረት 4 ሆኗል፣ በቃ። አንዱ ግን ሮቶ የተሸከመ የቀርከሃ ማማ አመጣ። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ፣ አራት ቋሚዎች፤ ይችሉታል ወይ? ቀርከሃውን እንደ ቱቦ ቆጥሮ ሰሌዳው ላይ መሥራት ሲጀምር ከኋላ አንዲት ልጅ ሳቀች።

«መምህር፣ የኛ ቀርከሃ እኮ ድፍን ነው!»

ልክ ናት። ክፍቱ የደጋው ነው፤ የቤኒሻንጉል ቆላ ቀርከሃ በአብዛኛው ውስጡ ድፍን ነው። በማግስቱ ቆርጣ አመጣች፤ በካሊፐር ስንለካው ዲያሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር። ልጁ የግድግዳውን ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ብሎ ነበርና፣ የቋሚው ስፋት ከ5.5 ወደ 12.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ዘለለ። «ከእጥፍ በላይ ጠነከረ!» ብለው ሲንጫጩ፣ ረጅም ቀጭን ቋሚ የሚሸነፈው ተጨፍልቆ ነው ወይስ ጎብጦ ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ የጨመረው በ46 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ መሀል ላይ ያለው ሥጋ ለጉብጠት ብዙም አይረዳም። ይህን ከመጽሐፍ ሦስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። እንደዚያን ዕለት ግን ማንም አልተከራከረኝም።

ሌላዋ ስለ ሕዳሴ ግድብ ጠየቀች፦ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ከግድቡ ሥር ምን ያህል ግፊት ያሳድራል? ቢሊዮኑ ለዚህ ስሌት ምንም አይሠራም። ወሳኙ ጥልቀቱ ነው፤ የግድቡን ከፍታ ያህል፣ 145 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ የሞላ ጠባብ ጉድጓድም ቢሆን ታቹ ላይ ያው 1.42 ሜጋ ፓስካል ነው። የመጽሐፍ ጥያቄ የሚያስፈልገውን ብቻ መጥኖ ይሰጣል፤ የቱ መረጃ ትርፍ እንደሆነ የሚያውቀው ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ነው። ቢሊዮኑን ራሷ ሰርዛ አስተካከለችው፤ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

ማረሙ ግን አበሳ ነው። የተማሪው ብዛት ያህል ጥያቄ፣ ያንኑ ያህል መልስ።

የቀርከሃው ጉማጅ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ነቀዝ ገብቶበት ዱቄት ያራግፋል። ባለፈው ሰኞ አንዱ ቀዳዳዎቹን ሲቆጥር ደርሼበታለሁ።