እገሌ በዛብህ

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ «የቤተሰብ ስም» ከሚል ሳጥን ጋር ስጣላ ነው የምውለው። ስኮትላንዳዊው ማክዶናልድ ያለ ጭንቀት ይሞላዋል። «ማክ» ልጅ ማለት ነው፤ የዶናልድ ልጅ። ድሮ እንደኛው በየትውልዱ ይቀያየር ነበር፣ ኋላ ረጋ። የእኛ አልረጋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው ይላል፤ ደምበጫ ላይ ግን ዛሬም ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው።

ይህን ይዤ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። በዛብህ ቦጋለ መብራቱ። ስሙ ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፦ በዛብህ። «በዛልህ» አይደለም እኮ፤ ነገረኛዋ «ብ» ናት። ለሆነ ባላንጣ የተወረወረ ስም ይመስላል።

ይህን ስም ያወጡለት ወላጆች ግን ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተሳሉ። ስእለቱ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ሰብለወንጌልን ነው። እኔ ዘንድሮ ስሙን አሰብኩ። አንድ ማክዶናልድ ሳይወልድ ቢሞት ስሙን የአጎቱ ልጆች ይዘውት ይቀጥላሉ። በእኛ አገር ግን የሰው ስም ከልጁ ስም ቀጥሎ ካልተጠራ ሌላ መቀመጫ የለውም። ውድነሽና ቦጋለ ትዳሩን ብቻ አይደለም የሰጡት፤ «እገሌ በዛብህ» የሚባለውን ሰው ጭምር ነው። ለእኔ የመጽሐፉ ሐዘን ከፍቅሩ በፊት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ ልጁ ገና ምንም ሳያውቅ።