«ሞት ቀነሰ» ሲሉን ስንት ጥንቸል ቆጥረው ነው?

ለሚያድጉ ጥንቸሎች መኖ ላይ ፕሮባዮቲክ ስለመጨመር የተጻፉ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ የብዙዎቹም መደምደሚያ ይመሳሰላል፦ ክብደት ጨመረ፣ ጤና ተሻሻለ፣ ሞት ቀነሰ። እኔ ሦስቱንም እኩል አላምናቸውም። የመጀመሪያውን በጥንቃቄ እቀበላለሁ። የመጨረሻውን ግን ብዙ ጊዜ ጥናቱ ራሱ ሊያሳየው አይችልም።

«ጥንቸል በእኛ ቤት አይበላም፣ ኦሪት ከልክሎታል፤ ታዲያ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ሱፐር ስትገቡ እኮ ዮጉርቱም ላይ፣ ክኒኑም ላይ ያው ቃል ተጽፏል። የጥንቸሉን ጥናት መመርመር የለመደ ሰው በዚያ ጽሑፍ በቀላሉ አይሸነፍም።

ችግሩ እውነተኛ ነው። ግልገሎቹ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሲሞላቸው ጡት ይጥላሉ፤ ሲከም የሚባለው ሰፊው የአንጀት ከረጢት ግን ገና አልተረጋጋም። ጥንቸል በዚያ የፈላውን ምግብ በለስላሳ በጠጥ መልክ መልሶ ስለሚበላ፣ የከረጢቱ ተሕዋስያን ሲዛቡ እንስሳው በተቅማጥና በሆድ መነፋት ይሞታል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2006 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያነት ከመኖ ሲከለክል፣ ፕሮባዮቲክ ምትክ ሆኖ ቀረበ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በእያንዳንዱ ቡድን 30 ጥንቸል አለ እንበል። ፕሮባዮቲክ ካላገኙት 3 ሞቱ፣ ካገኙት 1። በወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ልዩነት ይመስላል፤ በስታቲስቲክስ ግን በአጋጣሚም የሚመጣ ነው። ሞት ከ10 በመቶ ወደ 5 በመቶ መውረዱን በተለመደው መለኪያ ለማየት በእያንዳንዱ ቡድን ከ400 በላይ ጥንቸል ያስፈልጋል። ሌላም አለ፦ አራት ጥንቸሎች በአንድ ጎጆ ከአንድ ገንዳ ከበሉ፣ የመኖ ፍጆታ መለኪያው ጎጆው ነው። አራት ብሎ መቁጠር ማስረጃውን ማባዛት ነው። ደካሞቹ ሞተው የቀሩት ብቻ ሲመዘኑ ደግሞ አማካይ ክብደቱ ያለ ምንም መድኃኒት ከፍ ይላል።

ቃሉ ራሱም ያሳስታል። እርሾ፣ ላክቶባሲለስ፣ ባሲለስ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ይቦካል፣ ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን ተሕዋስያኑ ይሞታሉ። መኖም ተጨምቆ እንክብል ሲሆን ይሞቃል። ባሲለስ ስፖር ስለሚሠራ ሙቀቱን ይችላል፤ ላክቶባሲለስ ብዙውን ጊዜ አይችልም። ስለዚህ ከእንክብሉ በኋላ ስንት ሕያው ተሕዋስ እንደቀረ ያልለካ ጥናት ምን እንዳበላ አያውቅም።

«ጉዳት የለውም» የሚለውም በራሱ ማስረጃ ይፈልጋል። ባሲለስ ሴሬየስ ቶዮይ የተባለው ዝርያ በአውሮፓ ለጥንቸል ጭምር ተፈቅዶ ነበር። በኋላ ቴትራሳይክሊንንና ክሎራምፌኒኮልን የመቋቋም ባሕርይ ስለተገኘበት ፈቃዱ በ2013 ታገደ። አንቲባዮቲክን እንዲተካ የገባው ነገር አንቲባዮቲክን የመቋቋም ጥያቄ ይዞ መጣ ማለት ነው።

ይህን ስል ፕሮባዮቲክ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እርሾና ባሲለስ በአንዳንድ ሁኔታ መኖን ወደ ሥጋ መለወጥን ሊያሻሽሉ ይችላሉ። የምቃወመው ንጽጽሩን ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ መኖውን ጥንቸሎቹ እንደ ልብ ከሚበሉት ወደ 80 በመቶ ገደማ ዝቅ ማድረግና በቂ ፋይበር መስጠት የአንጀት ሕመምን እንደሚቀንስ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሰፊው አሳይተዋል። እድገቱ ለጊዜው ይዘገያል፣ ግን የሚገዛ ዱቄት የለውም። ፕሮባዮቲኩ መወዳደር ያለበት ከዚህ ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወዳደረው ግን ከባዶ መኖ ጋር ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ «ተረጋገጠ» የሚል ስታነቡ አራት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ዝርያ? ስንት እንስሳ? ምን ተቆጠረ? ከምን ጋር ተወዳደረ? ለአራቱም መልስ የሌለው ወረቀት ገና አላረጋገጠም።