የግቢ መስፋፋትና የጥገና ዕዳ፤ ስለ ወልድያና ስለ መርሳ የቀረበ ሒስ

ሒስ ሲባል በተለምዶ የሚታሰበው መጽሐፍ ወይም ቴአትር ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንተች የተነሣነው ግን የኮሌጅን ግቢ ነው። ግቢም እንደ መጽሐፍ ደራሲ አለው፤ ይኸውም ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ነው። ገንዘቡን የከፈለ መሥሪያ ቤት አለው። በውስጡ እየኖረ መልካምነቱንና ጉድለቱን በየቀኑ የሚያነብ ተማሪም አለው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ መጥፎ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ መደርደሪያ ላይ ቢጣል ሌላ ወጪ አያስከትልም፤ መጥፎ ሕንፃ ግን በየወሩ ሒሳብ ያመጣል።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሰሜን ወሎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ ወላጅ ልጁን ወደ ደሴ፥ ወደ መቀሌ፥ ወደ ባሕር ዳር ወይም ከዚያ ወዲያ ይሸኝ ነበር። ዛሬ ዋናው ግቢ ወልድያ ከተማ ሲሆን፥ የእርሻ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ በሀብሩ ወረዳ ርእሰ ከተማ በመርሳ ይገኛል። የግቢዎቹ መስፋፋት ለአካባቢው ትልቅ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኛም የምንነቅፈው መስፋፋቱን አይደለም። የምንነቅፈው በአገራችን ሕንፃ ሲታቀድ በጉልህ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። «ለመሥራት ስንት ይፈጃል?» ይባላል፤ «ሠርቶ ለማኖርስ?» የሚል ግን እምብዛም አይገኝም።

ጥያቄው የተዘነጋበት ምክንያት አለው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይለወጥ ቆይቷል። ብዙዎቹ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የታቀዱትና የተገነቡት በእነዚሁ ዓመታት ነው፤ ወልድያም ከእነሱ አንዱ ነው። መብራት በርካሽ በሚገኝበት ዘመን የተሣለ ንድፍ፥ ኀይልን እንደማይቈጠር ነገር አድርጎ ቢያየው አያስደንቅም። ነገር ግን ታሪፉ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየደረጃው ከፍ እንዲል ተደረገ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ተከተለ። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንዱ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የውሃ ፓምፕና የጄነሬተር መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ የጥገናው ዋጋ ከመብራቱ ሒሳብ ጋር ተያይዞ ወጣ። ሕንፃዎቹ ግን ያው በርካሹ ዘመን የተሣሉት ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የበጀት አከፋፈል ነው። ሕንፃ የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው፤ መብራት፥ ውሃ፥ ናፍጣና ተራ ጥገና የሚከፈለው ደግሞ ከመደበኛው በጀት ነው። አንዱ ኪስ ሲሞላ ሌላው የግድ አይሞላም። በካፒታሉ የሚያዝዘው ሰው በጥቂት ገንዘብ ብዙ ክፍል ሠርቶ ቢያስረክብ ይመሰገናል። ኮርኒስ ትቶ፥ የጣራውን ክፈፍ አሳጥሮ፥ ቀጭን ቧንቧ ቀብሮ ያተረፈውን ገንዘብ ግን ከዓመታት በኋላ ከመደበኛው በጀት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በዚህ ላይ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ለጥገና የተያዘው ብር በግንቦትና በሰኔ በጥድፊያ ወጪ ሲደረግ እናያለን። በጥድፊያ የሚሠራ ጥገና ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀለም መቀባት ነው። አሸንዳው ተደፍኖ ጣራው እያፈሰሰ ግድግዳው በሰኔ ቢቀባ፥ በነሐሴ ሻጋታ ማውጣቱ አይቀርም።

ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ግቢ ውስጥ ያየነውን እዚህ ላይ እናንሣ። አዲስ የመኝታ ሕንፃ ተሠርቶ ጊዜያዊ ርክክብ ተደረገ። በውሉ ልማድ መሠረት ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ድረስ የሚታየውን ጉድለት ሁሉ ሥራ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ማረም ነበረበት። በሁለተኛው ፎቅ ያለው ቧንቧ ማፍሰስ የጀመረው ገና በሁለተኛው ወር ነው። እኛ ለዘበኛው ነገርነው፤ ዘበኛውም ለአለቃው ነገረ፤ የጽሑፍ መዝገብ ስላልነበረ ነገሩ በዚያው ቀረ። ዓመቱ አለቀ፤ የመጨረሻው ርክክብ ተፈረመ። ከዚያ ወዲያ ያ ቧንቧ የኮሌጁ ዕዳ ሆነ። አንድ የሃምሳ ገጽ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ያድኑት የነበረ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ከተሞች እንመለስ። ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ መርሳ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ናት። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፥ በሁለቱ መካከል የ3 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። ሦስት ዲግሪ በወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ለሚቀመጥ ተማሪ ግን ትምህርት በመከታተልና በማንቀላፋት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሀብሩ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ አገር ነው። የአካባቢው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ድግስ ሲኖርበት ዳስ ይጥላል፤ እንግዳውን በቀትር ቆርቆሮ ሥር አያጉረውም።

ከወልድያ ወደ መርሳ ስንወርድ መንገድ ላይ ስሪንቃን እናገኛለን፤ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ቦታ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማዕከል ሥራ ዘር ከየከፍታውና ከየዝናቡ ጋር መስማማቱን መፈተን ነው። ለደጋው የተመረጠ ዘር ቆላ ወርዶ ሳይፈተን አይዘራም። እንግዲህ ለማሽላ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፥ አንድን የመማሪያ ሕንፃ ንድፍ ከአንድ ቦታ አንሥተን ሌላ ቦታ ስንተክል አየሩን የማንጠይቀው ስለ ምንድን ነው? ማሽላው ባይስማማ የሚጠፋው የአንድ ክረምት ምርት ነው። ሕንፃው ባይስማማ ግን ዐርባና ሃምሳ ዓመት ይቆማል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ዋናው መድኃኒት ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። ወልድያም መርሳም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኙ፥ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም። የሕንፃው ረዥም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢመለከት መጠነኛ ክፈፍ ለመስኮቱ ጥላ ይበቃዋል። ወደ ምዕራብ የተመለከተ እንደ ሆነ ግን ዝቅ ብላ የምትገባውን የከሰዓት ፀሐይ የትኛውም ክፈፍ አይመልሳትም። ሕንፃው መሬት ላይ ከመተከሉ በፊት ማዞር የእርሳስ ሥራ ነው። ከተተከለ በኋላ ግን መጀመሪያ ቬንቲሌተር፥ ቀጥሎ አየር ማቀዝቀዣ ይጠየቃል። ሁለቱም መብራት ይበላሉ፤ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ስለ ኀይል ቁጠባ ሲነሣ በየመኝታ ቤቱ በር ላይ «መብራት አጥፉ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱን አንቃወምም፤ ነገር ግን እስቲ እናስላው። ከዚህ በታች ያሉት ቍጥሮች ለአስረጅ ያህል የወሰድናቸው እንጂ የአንድ ግቢ መዝገብ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከነመሣሪያቸው 50 ዋት የሚስቡ 1,000 ባለ ቱቦ አምፑሎች በቀን 12 ሰዓት ቢበሩ 600 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በ18 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ቢተኩ 384ቱ ይተርፋል። አሁን ወደ ኩሽና እንሂድ። 5,000 ተማሪ በቀን ሁለት ሁለት እንጀራ ቢበላ 10,000 እንጀራ ይጋገራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። አንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ ቢፈጅና ምጣዱ ሳያቋርጥ ቢስብ፥ የቀኑ ጋገራ 1,750 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከመብራቱ ሁሉ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው! መብራት ጠፍቶ ይኸው ጋገራ በጄነሬተር ይሠራ ቢባል፥ አንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ፥ በቀን 580 ሊትር ያህል ናፍጣ ይቃጠላል።

ይህን ካሰላን በኋላ የበሩ ወረቀት ትንሽ አሳቀን። በምጣዱ ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር ቢደረግ፥ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሳይበርድ በተከታታይ ፈረቃ ቢጋገርበት የሚተርፈው ኀይል ተማሪ አምፑል በማጥፋት ከሚያተርፈው ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚያውቁት እንጀራ ጋጋሪዎቹ እናቶች ናቸው፤ ስለ ኀይል ቁጠባ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ሲጠሩ ግን አላየንም። በማገዶ በሚበሰልበት ቦታም ቢሆን፥ ከብት የሚያረባ የእርሻ ግቢ እበቱን ወደ ባዮጋዝ ቢለውጥ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ 5 ኪሎ ያህል ማገዶ ይተካል። ይህ ለመርሳ ዓይነቱ ግቢ ወጪ መቀነሻ ብቻ ሳይሆን የትምህርት መሣሪያም ነው።

ስለ ውሃ ረዥም ነገር አንናገርም። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል ያፈሳል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ሃምሳ እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች ያሉበት ግቢ በየቀኑ ሃምሳ ጀሪካን ይደፋል፤ ከአጥሩ ውጭ አንዲት ልጅ ያንኑ አንድ ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ትወጣለች። ጥገናው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ጎማ መለወጥ ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኀይሎች ተይዛ በቆየችባቸው ወራት ዩኒቨርሲቲው መዘረፉና መውደሙ ይታወቃል። ጦርነት ያፈረሰውን ከጥገና ጉድለት ጋር ማደባለቅ ፍርደ ገምድልነት ስለሚሆን አናደርገውም። ነገር ግን የጠፋ ዕቃ ሲተካ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የነበረውን እንደ ነበረ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ሲተካ የሚያንስ ኀይል የሚበላውንና መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘውን መምረጥ ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ያልቃል፤ በችግር ጊዜም ይመረጣል፤ ዕዳውንም አብሮ ይመልሳል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «መጀመሪያ ሁሉም ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር ይገኝ፤ ጥገናው ይደርሳል» ይሉናል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ እኛም ወንበሩን ካገኙት ወገን ነን። ሆኖም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ሲያልቅ የሚከፍለው ማን ነው? ቤተ ሙከራው ሲዘጋ፥ ቤተ መጻሕፍቱ በምሽት ሲጨልም፥ ቧንቧው ሲደርቅ ዕዳውን በራሱ ጊዜ የሚከፍለው ያው ወንበር የተሰጠው ተማሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት በአዋጅ ተደንግጎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። ሌሎቹም ተራቸው ሲደርስ የየራሳቸውን ሒሳብ ፊት ለፊት ይጋፈጣሉ፤ ያን ጊዜ የትኛው ሕንፃ ምን ያህል እንደሚበላ የማያውቅ ግቢ ከየት ሊቀንስ እንደሚችልም አያውቅም።

ለግቢው ሁሉ በመግቢያው በር አንድ ቆጣሪ ብቻ ካለ ደግሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። ለኩሽናው፥ ለውሃ ፓምፑና ለአንድ የመኝታ ሕንፃ የየራሳቸው ቆጣሪ ይግባላቸው። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ንባቡን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይያዙት፤ መምህራንም ይመርምሩት። በመርሳና በወልድያ በአንድ ወር ቢጀመር በሁለቱ አየር መካከል ያለው ልዩነት በብር ተተምኖ ይታያል፤ የሚቀጥለውም ሕንፃ ንድፍ ከመፈረሙ በፊት መሐንዲሱ ይህን መዝገብ እንዲያነብ ይጠየቃል። ከኩሽናው ቢጀመር እንመርጣለን።