ከቆቡ በፊት እግሩን፦ የሀርጌሳን የእንጉዳይ ፎቶ ለመዳኘት

የደጋ ሰው የእንጉዳይ ፎቶ ሲባል የሚጠብቀው የታወቀ ነው፤ የመናገሻ ሱባ ጥድ፣ የሐምሌ ጭጋግ፣ የበሰበሰ ግንድ። በዚህ ዓይን የሀርጌሳን ፎቶ የሚዳኝ ሰው ጥሩውን ጥሎ መጥፎውን ያነሳል። ሀርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም ምድሯ ደረቅ ነው። ሶማሌዎች «ጉ» የሚሉት ዋናው ዝናብ በሚያዝያ ግድም ጀምሮ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ሲወርድ ዶፍ ነው፤ ሲያባራ ፀሐዩ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የዝናቡ ምስክር ከእንጉዳዩ ይልቅ አፈሩ ነው።

እንዲህ ባለ ምድር የሚፈለገው እንጉዳይ ፖዳክሲስ ይባላል። በአፍሪካና በዓረብ ደረቅ አገሮች ከዝናብ በኋላ ብቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ከምስጥ ኩይሳ አይርቅም። ቆቡ አይዘረጋም፤ እግሩን እንዳቀፈ ይቀራል። እግሩም ቆቡን ሰንጥቆ እስከ አናቱ ይደርሳል። ውስጡ በለጋነቱ ነጭ ነው፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ቡናማ ብናኝ ይለወጣል። ደርቆም ለረጅም ጊዜ ሳይወድቅ ይቆማል።

እኔ ታዲያ ፎቶው ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። ከአፈሩ የወጣበት ቦታ በሣር ከተሸፈነ ወይም ከክፈፉ ውጭ ከቀረ፣ አንሺው ቆሞ ቁልቁል ተኩሶ ሄዷል ማለት ነው። ጎበዙ በሆዱ ይተኛል፤ ሌንሱን ከእንጉዳዩ ወገብ እኩል ያወርዳል፤ ልብሱ ይጨቀያል። ኩይሳው ከኋላ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን መታየት አለበት። ኩይሳ የሌለበት የፖዳክሲስ ፎቶ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው።

ቀጥሎ ውኃው። የሚያጭበረብሩ አሉና እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። የመርጫ ጠርሙስ ጠብታ ደቃቅና እኩል ነው፤ ቆቡ ላይ ይደረደራል፣ ዙሪያው ያለው ሣር ግን ደረቅ ነው። እውነተኛ ዶፍ ጠብታው ተገናኝቶ ይወርዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱን መትቶ ጭቃ ወደ እግሩ ይረጫል። ያ የጭቃ ነጠብጣብ ለእኔ ከማንኛውም አብረቅራቂ ጠብታ ይበልጣል። «ለማሳመር» ብሎ በብሩሽ የጠረገው ሰው የፎቶውን ዋና ማስረጃ ጠርጓል። ነቅሎ ወደተሻለ ቦታ የተከለውማ ከውድድር ይውጣ።

ስለ ብርሃን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ደመናው እስካለ ድረስ ሰማዩ ራሱ ሥራውን ይሠራል። ፀሐይ ከወጣች ግን ነጩ ቆብ ይነዳል፤ ቅርፊቱ ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ጃንጥላ ወይም ነጭ ሻሽ ጋርዶ ማንሳት በቂ ነው። ቀጥታ የተተኮሰ ፍላሽ በእርጥብ ቆብ ላይ የሚተወውን ነጭ ጠባሳ ከሩቅ ታውቁታላችሁ። የስልክ ካሜራ ነው ብላችሁ አትናቁ፤ ተንበርክኮ በስልክ ያነሳ ቆሞ በውድ ሌንስ ካነሳው ይበልጣል።

አንድ ፎቶ ብቻውን ይበቃል ወይ? ለግድግዳ አዎ፤ ለማወቅ ግን አይበቃም። እንግሊዛዊው ሮጀር ፊሊፕስ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንጉዳይ መጽሐፍ ለጋውንም የበሰለውንም፣ ሙሉውንም የተሰነጠቀውንም በአንድ ገጽ አጋድሞ አሳይቷል። ውበቱ ያከራክራል፤ ጥቅሙ ግን አያከራክርም። ፖዳክሲስም ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ካልታየ በለጋነቱ ከሌሎች ነጭ እንጉዳዮች ጋር ይምታታል። እኔ ብሆን ከብዙ አንዱን ብቻ ሰንጥቄ፣ የቀሩትን ሳልነካ አነሳለሁ።

ይህን ጥብቅነት የውበት ቅንጦት የሚመስለው ካለ የክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስን ነገር ይስማ። በሞቃት አገሮች ዝናብ ባገኘ ሣር ላይ የሚበቅል ትልቅ ነጭ የጅብ ጥላ ነው፤ ከላይ ሲታይ ከሚበሉት ጋር ይመሳሰላል። ከቆቡ ሥር የተደረደሩት ስስ ቅጠሎቹ ግን መጀመሪያ ነጭ ሆነው በኋላ ወደ አረንጓዴ ይሄዳሉ። የበላውን ክፉኛ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋልም። ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ አይቶ «ይሄ ይበላል» የሚላችሁን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሙት።